የወረደችውን ሳይሆን የወጣችውን ጠይቁ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ደላላው መኪናዋን አዳማ፣ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር ጥላ ሥር አቁሞ ጠበቀኝ። ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው። ከባትሪዋ ሃያ ሁለት ፐርሰንት ብቻ ነው የበላችው!» አለኝ።

እኔ አዳማ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ነው የምተዳደረው። ሳልፈልግ ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ቁልቁል የመጣች መኪና ትንሽ ብትበላ ምን ይገርማል? ትንሽ መኪና ሁለት ሰው ጭና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት (የቤታችሁ ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ያስፈልጋታል። ስትወርድ ደግሞ በተቃራኒው ስበቱ ያግዛታል። ፍሬኑም የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

«እስቲ ሽቅብ ወስደን እንያት» አልኩት። ሥራ እንዳለበት ትዝ አለው።

የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ወሬ በየካፌው ነው። ሁለት መኪና ትቼ ሦስተኛዋን፣ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባል ትንሽ የቻይና መኪና ገዛሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቁ። በዚያው ሳምንት አዲሷ፣ ያው ሞዴል፣ ያው ባትሪ፣ ስንት እንደምትሸጥ ሦስት ቦታ ጠይቁ። «ያው ባትሪ» የምለው ያለምክንያት አይደለም። ሲጋል በ30.08ም በ38.88ም ኪሎዋት ሰዓት ትመጣለች። ከውጭ ስታዩአቸው አንድ ናቸው። የትንሹን ባትሪ መኪና በትልቁ ዋጋ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር አይጠፋም። መነሻችሁ የአዲሷ ዋጋ ነው። ሻጩ የገዛበት ዋጋ የሱ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ዓመቷን ራሳችሁ አንብቡ። እኛ ጋ «የ16 ናት» ሲባል የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ፣ የተመረተችበት ይሁን ሰሌዳ የወሰደችበት አይታወቅም። የሻንሲ ቁጥሯ 17 ፊደልና አሃዝ አለው። አሥረኛው የሞዴል ዓመቷን ይነግራችኋል፦ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ በፈረንጅ። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ጎማው ላይም አራት አሃዝ አለ፤ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደችው» የተባለች መኪና አራቱም ጎማዋ ከተቀየረ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ባትሪው። ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለሱ ስጡት።

«ሙሉ ቻርጅ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ይሏችኋል። ያ የቻይና መለኪያ ቁጥር ነው፣ በእርጋታ ለሚነዳ። በፈጣን መንገዱ 110 ስትነዱ የት ይደርሳል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቀሪ ኪሎ ሜትርም አትመኑት፤ እኔ እንደ ግምት ብቻ ነው የማየው። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ቁጥር ነው፦ የወረደው ፐርሰንትና መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ የበላችው ኪሎዋት ሰዓት።

ሻጩን ማታ መቶ እንዲሞላት ነገርኩት። ይህን አትዝለሉት። የቢዋይዲ ባትሪ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ለረጅም ጊዜ መቶ ካልሞላ ፐርሰንቱ ይሳሳታል። ጠዋት የጉዞ መቁጠሪያውን (ትሪፑን) ዜሮ አድርገን ወጣን። ሞጆ ደርሰን ተመለስን፣ ሶደሬም ወረድን፣ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ለባጃጅ ተጋፋን። ኤሲው እንደበራ ነው። የአዳማ ፀሐይ ላይ ያለ ኤሲ የሚነዳ ማን አለ?

112 ኪሎ ሜትር ሄድን። አማካዩ 12.5 ነበር። 112 ሲባዛ በ12.5፣ ሲካፈል ለ100፣ 14 ኪሎዋት ሰዓት። ፐርሰንቱ ከ100 ወደ 61 ወረደ፤ 39 በላች። 14ን ለ0.39 ስታካፍሉ ወደ 36 ይመጣል። አዲስ ሳለች 38.88 ነበረች። ስለዚህ 92 ፐርሰንት ገደማ ቀርቷታል። ለዕድሜዋ አልከፋም። ግን አሥር ፐርሰንት ብቻ አውርዳችሁ ይህን ሒሳብ አትሥሩ። አንዷ ፐርሰንት ስትሳሳት ውጤቱን በአሥር ፐርሰንት ገደማ ታዛባዋለች። ቢያንስ ሰላሳ፣ አርባ ይውረድ።

ማታ ደግሞ በካርድ ቆጣሪው አረጋገጥኩ። ሻጩ ቤት ሄጄ ሌላውን ሁሉ አስነቀልኩ፣ ፍሪጁን ሳይቀር። የሻጩ ሚስት «ወተቴ ቢበላሽ አንተ ነህ የምትከፍለው» አሉኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መቶ እስክትሞላ ቻርጅ ተደርጋ 16.1 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። ቻርጅ ሲደረግ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ፐርሰንት በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ከ14 ጋር ይገጥማል። ወተቱም አልተበላሸም።

ሁለተኛዋን መኪና የተውኳት ግን ባትሪዋ ደክሞ አይደለም። ምንጣፏን ስገልጥ ሽታው ወጣ። የወንበሩ ብሎን ዝጓል። አዳማ ክረምት ላይ ጎርፍ ከየኮረብታው እንደሚወርድ እዚህ የኖረ ያውቃል። ውኃ የገባባትን የኤሌክትሪክ መኪና በነፃም አልወስድም። ሥሯንም ጉድጓድ ላይ አስወጥታችሁ እዩ። የባትሪው ሽፋን ተቧጭሮ ወይ ጎድጉዶ ከሆነ ተዉት። ብርቱካንማ ሽቦዎቹን በዓይን ብቻ ተመልከቱ። እጃችሁን አትስደዱ፤ በቤታችሁ መስመር ካለው ቮልቴጅ ይበልጣል።

ስለ ኦፕሽን ብዙ አልልም። ስክሪኑ ቢሽከረከር ባይሽከረከር ለኔ ምኔም አይደለም። እኔ የማየው ኤሲውን፣ የኋላ ካሜራውን፣ ስክሪኑ ከቻይንኛ ሌላ ቋንቋ መቀበሉንና የወንበሩን ቁጥር ነው። የቻይናዋ ሲጋል ባለ አራት ሰው ናት። ሦስት ልጅ ያለው ወዳጄ ይህን ያወቀው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው። ስኮርታ ጎማም ብዙዎቹ የላቸውም። የመጀመሪያው ባለቤት የስልክ መተግበሪያ ከመኪናዋ ጋር ተገናኝቶ እንዳይቀርም ሻጩ ፊታችሁ ያላቅቅላችሁ።

ቻርጀሩ አብሮ መሸጡን ውሉ ላይ አስጽፉ። ሙከራውን ደግሞ እናንተ ቤት አድርጉት። ብዙ ጊዜ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ሲል «ቻርጀሩ ተበላሽቷል» ብለው ይጠሩኛል። ሄጄ ሳይ ቤቱ አርዝ (ወደ መሬት የሚቀበር መስመር) የለውም። የሆነ ሰው ቻርጀሩን ለማታለል ሽቦ አገናኝቶ ከሆነ ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ይገድላል። አርዙን ቅበሩ፣ ለብቻው መስመርና ብሬከር አስገቡለት። ወጪውንም ዋጋው ውስጥ አስቡት።

ድርድሩን የጀመርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወረቀት አውጥቼ ከአዲሷ ዋጋ ቀነስኩ፦ የጎደለውን ስምንት ፐርሰንት ባትሪ፣ ያለቁትን ሁለት የፊት ጎማዎች፣ የሌለውን ስኮርታ። በሻጩ ስም እዚህ የሚከበር የዋስትና ወረቀት ስላልነበረ ለሱም ቀነስኩ። ሻጩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ጎማውን ተከራከረኝ፣ ባትሪውን አልተከራከረም። ቁጥሩን አብሮኝ ነው ያየው።

ከዚያ ሊብሬው የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለበት አስጣርተን፣ ቦሎውን አይተን ስም አዞርን። ፍራንኮ ያገኘሁት ደላላ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። ያቺ መኪና አሁንም አለች፣ ዋጋዋም ወርዷል። ሽቅብ ልንነዳት እንችላለን ወይ አልኩት። «ጋሼ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አለኝ።