ጠፍጣፋ እስፒከር ያለውን የድሮ ቴፕ እንዴት እንጠግን?

ቁም ሳጥን ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የአባታችሁ ቴፕ አለ? እስቲ በባትሪ መብራት በወንፊቱ ቀዳዳ ውስጡን እዩት። እስፒከሩ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ክብ ወረቀት ሳይሆን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ከሆነ እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሶኒ ኤፒኤም እያለ የሰራቸው እንዲህ ናቸው። ጎድጓዳ እስፒከር ላይ ጉድጓዱ ራሱ ድምጹን ትንሽ ያዛባዋል፣ ጠፍጣፋው ያ ጣጣ የለበትም። ግን ጠፍጣፋ ነገር ይታጠፋል፤ ካርቶን ይዛችሁ ብታወዛውዙ ይገባችኋል። መፍትሄውን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም፣ የማር እንጀራ ነው። በጣት የሚፈርስ ስስ ሰፈፍ ያን ሁሉ ማር ተሸክሞ ይቆም የለ? እነሱም በሁለት ስስ ሽፋኖች መሀል እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ የሆነ አሉሚኒየም አስገቡ። ቀላልም ጠንካራም ሆነ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ተራ ጎድጓዳ ወረቀት ሆኖ ፊቱ በነጭ ፎም ተሞልቶ የተስተካከለ ነው። ይሄን መለየት ኮላ ስትመርጡ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉ፣ ድንጋዩንም አውጡ። የእስፒከሩን ሽቦዎች ከመንቀላችሁ በፊት የትኛው ፕላስ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ካቻቢቴውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ማግኔቱ ይስበውና ስሱን ፊት ይበሳዋል፣ የተበሳ ሰሌዳ ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ከዚያ በቴስተር ለኩ። 8 ኦም የተጻፈበት ደህና እስፒከር ከ6 እስከ 7 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ግን ዙሪያውን የያዘው ፎም ነው። እርጥበት ይበላዋል፣ የዳንግላን ክረምት የሚያውቅ ይሄን ያውቃል። በጣት ስትነኩት ከተፈረፈረ ወይም እንደ ሙጫ ከተጣበቀ ጠርጋችሁ አውጡት። የአራት ማዕዘን ምትክ ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ከስስና ለስላሳ ፎም አራት ክር ቁረጡና ማዕዘኖቹ ላይ ትንሽ አደራርቡት። የብስክሌት ካለመዳሪ አትጠቀሙ፣ ስለሚከብድና ስለሚገትር ሰሌዳው እንደልቡ አይንቀሳቀስም።

ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ይሁን። እኔ የመጀመሪያውን በማስቲሽ ለጥፌ ነጩ ፎም እያየሁት ቀልጦ ጠፋ። እስካሁን ያንን እስፒከር ሳስብ ያመኛል።

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ጋ ነው። ተራ እስፒከር ላይ መሀሉ ተከፍቶ ኮይሉ (ማግኔቱ መሀል የሚንቀሳቀሰው የሽቦ ጥቅል) ዙሪያ ወረቀት ተወትፎ መሀል እንዲይዝ ይደረጋል። ጠፍጣፋው ላይ ሰሌዳው ሁሉንም ስለሸፈነው ያ አይሆንም። ስለዚህ ኮላው ሳይደርቅ በአራቱም ጎን በጣት እኩል ተጭናችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ወደ ላይ አንቀሳቅሱት፣ ጆሯችሁንም አስጠጉ። ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር የመፋተግ ድምጽ ከሰማችሁ ሰሌዳውን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ዝም እስኪል ድረስ አትተዉት።

አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አድርጋችሁ የማሲንቆ ካሴት ክፈቱ። ቤዙ የሳሳ ከመሰላችሁ የአንደኛውን እስፒከር ሁለት ሽቦዎች አገላብጡ፤ ፕላስና ማይነሱ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።