ይዞራል ማለት ይሠራል ማለት አይደለም፦ የጣሪያ ጢስ ማውጫ ፋን ሲተከልና ሲጠገን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጣሪያ ላይ ያለን ማሽን ማንም አያየውም። የማዕድ ቤቱ ሠራተኛ የሚያውቀው ግድግዳ ላይ ያለችውን ማብሪያ ነው፤ የሕንፃው አስተዳዳሪ የሚያውቀው ድምፁን ነው። ድምፅ ከተሰማ ፋኑ ይሠራል ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከተጠራሁባቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ፋኑ ቆሞ አልነበረም፤ እየዞረ ጢሱ አልወጣ ብሎ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ጥቂቶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። በዋናነት የማወራው ስለ ምግብ ቤት ፋን ነው፤ ስብ ስላለበት ከሁሉም ይከፋል። ብዙው ነገር ግን ለመጋዘንና ለመጸዳጃ ቤት ፋንም ያው ነው።

ታች ያለውን ማጥፊያ አምኖ መውጣት

ቺንጋ (የሞተሩን ዙር ወደ ፋኑ የሚያደርሰውን የጎማ ቀበቶ) ልቀይር የወጣሁበት አንድ ቀን አይረሳኝም። ሽፋኑን ፈትቼ፣ አሮጌውን ቺንጋ አውልቄ፣ አዲሱን ላስገባ እጄን ስዘረጋ ሞተሩ ተነሳ። ጣቶቼ ከፑሌጃው፣ ቺንጋው ከሚጠመጠምበት መዘውር፣ የቀራቸው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ለካ ታች ፈረቃ የገባ ምግብ አብሳይ ቤቱ ታፍኖ አግኝቶት ማብሪያውን ተጭኖታል። እኔ ላይ መሆኔን ማን ነግሮት? ጥፋቱ የኔ ነበር።

ፋኑ አጠገብ፣ እዚያው ጣሪያው ላይ፣ ማቋረጫ ስዊች መኖር አለበት። ከሌለ የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማስገጠም ነው። ስዊቹን ያጥፉ፣ በራስዎ ቁልፍ ይቆልፉት፣ መክፈቻው ኪስዎ ይግባ፣ ስምዎ ያለበት ወረቀት ይንጠልጠልበት። ከዚያም በቴስተር ሁሉንም ፌዞች (ኤሌክትሪክ የሚያመጡትን ሽቦዎች) ይለኩ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ሞክረው ያረጋግጡ፤ ባትሪው የሞተ ቴስተር ሁልጊዜ "ኤሌክትሪክ የለም" ነው የሚለው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሦስት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛ፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ካለ መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ሳይጠብቁ አይክፈቱት። ሁለተኛ፣ ንፋስ ብቻውን ክንፎቹን ያዞራቸዋል፤ እጅ ከመግባቱ በፊት በገመድ ይታሰሩ። ሦስተኛ፣ በአንዳንድ ማዕድ ቤቶች ምድጃው ሲሞቅ ፋኑን በራሱ የሚያስነሳ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ። ማብሪያውን ማንም ሳይነካው ፋኑ ሊነሳ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ኋላ የሚዞረውን ፋን "ተነሳ" ብሎ መውረድ

ብዙ ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። እንደ አውሮፕላን ፕሮፔለር ያለው ፋን አቅጣጫው ሲገለበጥ አየሩን ወደ ውስጥ ስለሚነፋ ወዲያው ይታወቃል። ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ የሚተከለው ግን አየሩን በመሃሉ ስቦ በዙሪያው የሚበትን ሴንትሪፉጋል ፋን ነው። እሱ ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን የሚያወጣው በዚያው በኩል ነው፤ ብቻ በጣም ጥቂት ያወጣል። ድምፅ አለ፣ ንፋስ አለ፣ እጅ ሲያስጠጉትም ይሰማል። ሰውየው "ሠራ" ብሎ ይወርዳል።

አንድ ቦታ ከተከፈተ ጀምሮ ጢስ እንቢ ያለው ምግብ ቤት ነበር። ማጣሪያዎቹን ቀይረዋል፣ ቱቦውን አስጠርገዋል፣ ወደ መጨረሻው ትልቅ ፋን ሊገዙ ዋጋ ያስጠይቁ ነበር። ወጥቼ ፋኑን አስነስቼ ወዲያው አጠፋሁትና ክንፎቹ ሊቆሙ ሲሉ አየኋቸው፤ ገላው ላይ ያለው ቀስት ወደ አንድ በኩል፣ ክንፎቹ ወደ ሌላ በኩል። መስመሩን ቆልፌ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን አለዋወጥኩ። ሥራው ከመሰላሉ መውጫ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው።

ዘዴው ያ ብቻ ነው፦ ለአንድ አፍታ አስነስቶ ማጥፋትና ሲቆም ማየት፤ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ዓይን ይሸወዳል። አንዴ ታይቷል ብሎ መተውም አያዋጣም። ሕንፃው ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር በተነካ ቁጥር፣ ሞተር በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይታይ። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ከሆነ ግን ሁለት ሽቦ መገልበጥ አይሠራም፤ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው የሽቦ ሥዕል መሠረት ነው የሚቀየረው።

ስብ ላለበት ጢስ የንጹህ አየር ፋን መግጠም

ሁለቱም ከሩቅ እንጉዳይ ይመስላሉ። አንደኛው አየሩን ወደ ታች፣ ወደ ጣሪያው ይደፋል፤ ሌላው ወደ ላይ ይወረውራል። ወደ ታች የሚደፋው ለመጸዳጃ ቤትና ለመጋዘን ጥሩ ነው። ምድጃ ላይ ከተተከለ ግን ስቡ ጣሪያው ላይ ይተኛል፤ የጎማ ንጣፍ ከሆነ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ዝናብ ያስገባል። እሳት ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ ማገዶ ነው። የአሜሪካው የማዕድ ቤት ጢስ ማውጫ ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 96፣ አየሩ የሚወጣበት አፍ ከጣሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ያህል (40 ኢንች) ከፍ እንዲል፣ ከአየር ማስገቢያም ቢያንስ 3 ሜትር ያህል (10 ጫማ) እንዲርቅ ይጠይቃል። ርቀቱ ካልተጠበቀ ማዕድ ቤቱ የራሱን ጢስ መልሶ ይተነፍሳል።

የወፍ መከላከያ ወንፊትና በንፋስ የሚከደን ክዳን ለንጹህ አየር ፋን ይሆናሉ። የስብ መስመር ላይ ወንፊቱ በስብ ይደፈናል፣ ክዳኑም ተጣብቆ ይቀራል። ሞተሩም ጢሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ያለ ማጠፊያ መትከል

የስብ ፋን ቱቦው እንዲጠረግ መከፈት አለበት። ማጠፊያ ካልተገጠመለት የሚያጸዳው ሰው ብሎኖቹን ፈትቶ ፋኑን ጎኑ ላይ ያጋድመዋል፤ ሲያነሳው በሽቦው ይንጠለጠላል፣ የሚስብበት አፍ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ ክንፎቹ ላሜራውን መፋቅ ይጀምራሉ፤ ታች ያለው ሰው "ፋኑ ያፏጫል" ብሎ ይደውላል።

ማጠፊያ ሲገጠም ሁለት ነገር አብሮ ይታሰብ። ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ሽቦ ተጣጣፊ፣ ፋኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የማይወጠር ይሁን፤ መንገዱም በጢስ ቱቦው ውስጥ አይሁን። የተከፈተውን ፋን ይዞ የሚያቆም ሰንሰለት ወይም ክንድም ይኑር፤ አለበለዚያ ንፋስ ሰው ጭንቅላት ላይ ይዘጋዋል።

ፋኑ የሚቀመጥበት የላሜራ ወይም የእንጨት ከፍታም ከጣሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ውሃ ይገባል። ውሃ ልኩን ካልጠበቀ ደግሞ ስቡ ወደ መሰብሰቢያው ሳይሆን ወደ ጣሪያው ይፈሳል። ሽብልቅ ካስፈለገ ብረት ይሁን።

ቺንጋን እንደ ክራር ክር መወጠር

የላላ ቺንጋ ይጮኻል፤ የተወጠረ ቺንጋ ዝም ይላል። ስለዚህ ዝም ያለው ትክክል ይመስላል። ግን ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሞተሩንም የዘንጉንም ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት) ቀን ከሌት እየጎተተ ይጨርሳቸዋል። ልኩ ቀላል ነው፦ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ባለው ርቀት በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል። ርቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቺንጋው መሃል ላይ በመጠኑ ሲጫኑት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ቀን ይላላል፤ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ማጥበቅ የሥራው አካል ነው። ብዙዎቻችን ለዚህ አንመለስም፣ እኔም ጭምር ሰንፌ አውቃለሁ። ሲገጠም በካቻቪቴ እየፈለቀቁ ማስገባት ቺንጋውን ከውስጥ ይበጥሰዋል፤ የሞተሩን መቀመጫ አላልቶ ማስጠጋት ነው። ሁለት ቺንጋ ያለው ከሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፤ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይይዛል። ፑሌጃዎቹ ሥር ጥቁር ብናኝ ከተገኘ አልተስተካከሉም ወይም ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። የፑሌጃው መስመር ወለሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ፑሌጃው አልቋል፤ ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም።

ኩሽኔታን በተመለከተ አጭር ነው፦ ግራሶ ሲበዛ የኩሽኔታውን ማሸጊያ ጎማ ፈንቅሎ ይወጣል፣ ሙቀትም ይፈጥራል። አንዱን ዓይነት ግራሶ በሌላው ላይ መጨመርም ሁለቱን ሊያበላሽ ይችላል። የታሸገ ኩሽኔታ ደግሞ ምንም አይፈልግም።

ጢስ ካልወጣ ፍጥነት መጨመር

ፑሌጃ ለውጦ ወይም ኢንቨርተሩን ከፍ አድርጎ ፋኑን ማፍጠን ቀላል መፍትሔ ይመስላል። የአየሩ መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ የሞተሩ ሸክም ግን በፍጥነቱ ሦስተኛ እርከን ነው የሚያድገው። ፍጥነቱን 10 በመቶ ሲጨምሩ ሞተሩ 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይጠየቃል፤ 20 በመቶ ሲሆን 73 በመቶ። ሞተሩ ይቃጠላል፤ ከዚያም በላይ የሚያስፈራው ኢምፔለሩ፣ ክንፎቹን የያዘው የሚዞር አካል፣ ከተሠራበት የፍጥነት ጣሪያ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ፍጥነት ከተነካ አምፔሩ ይለካ፣ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው አይለፍ።

ብዙ ጊዜ ግን በሽታው ፋኑ ላይ አይደለም። የሚወጣውን አየር የሚተካ አየር ካልገባ ፋኑ ባዶ ይስባል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ የማዕድ ቤቱ በር ሲከፍቱት ይከብዳል፣ በስንጥቁ ያፏጫል። ጢሱ ምድጃው ላይ እያንዣበበ እያለ በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱት። ጢሱ ወዲያው ሽቅብ ከተሳበ የጎደለው የሚገባው አየር ነው፤ የአየር ማስገቢያው ማጣሪያ ተደፍኖ ወይም ማስገቢያው ከናካቴው ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል። ይህን ሳያዩ ፋኑን ማፍጠን አደጋም አለው። በዚያው ቤት የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለ ፋኑ የማሞቂያውን ጭስ በጭስ ማውጫው መልሶ ወደ ቤት ይስበዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም።

የሚታየውን ብቻ ማጽዳት

ክንፎቹ ላይ ስብ እኩል አይቀመጥም። አንዱ ጎን ሲከብድ ፋኑ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ ብሎኖቹን ያላላል። ስለዚህ ክንፎቹ ይጸዱ፤ ነገር ግን ሲፋቁ ክንፍ ላይ የተጣበቁትን ትንንሽ ብረቶች አይንቀሉ። ቆሻሻ ይመስላሉ፤ ፋብሪካው ሚዛን ለማስያዝ የገጠማቸው ናቸው። የግፊት ውሃም ወደ ሞተሩና ወደ ኩሽኔታው አይዙር። የስብ መሰብሰቢያው ዕቃ በየጊዜው ይደፋ፤ ሞልቶ ከፈሰሰ መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው።

የፍተሻው ጊዜ እንደ አበሳሰሉ ይለያያል። ኤንኤፍፒኤ 96 በከሰል ወይም በእንጨት ለሚበስልበት ቤት በየወሩ፣ 24 ሰዓት ለሚሠራ ወይም እሳት ላይ ለሚጠብስ በየ3 ወሩ፣ መካከለኛ ሥራ ላለበት በየ6 ወሩ፣ አልፎ አልፎ ለሚያበስል ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይላል። ማጣሪያዎቹን ለማጠብ አውልቆ "እስኪደርቁ" ብሎ ያለ ማጣሪያ ማብሰል ግን ስቡን በቀጥታ ወደ ቱቦው መላክ ነው፤ በአንድ ምሳ ሰዓት የሚገባው ይበቃዋል።

ጣሪያውን እንደ መሬት መቁጠር

ስብ የነካው ጣሪያ እርጥብ ሲሆን ሳሙና ነው። ብርሃን ማስገቢያው ፕላስቲክ ሰው አይችልም፤ በአቧራ ተሸፍኖ ከጣሪያው ጋር ተመሳስሎ ስንት ሰው ጥሏል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በመደበኛ ሥራ ቦታ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ የመውደቅ መከላከያ ይጠይቃል፤ ቁመቱ ትንሽ ነው ብሎ መዝናናት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ዕቃ በገመድ ይሳብ እንጂ መሰላል ላይ በእጅ አይያዝ። ፋኑን ሲያነሱም በተሠራለት ማንጠልጠያ እንጂ በቆቡ አይሁን።

ምንም ሳይጽፉ መውረድ

እኔ ከሽፋኑ ውስጥ በኩል በማይጠፋ ቀለም አራት ነገር እጽፋለሁ፦ ቀኑን፣ የቺንጋውን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ፌዝ አምፔር፣ ኩሽኔታ ግራሶ መጠጣት አለመጠጣቱን። ቀጥሎ የሚወጣው ሰው 6.2 አምፔር ተጽፎ አግኝቶ እሱ 4.5 ካነበበ ሽፋኑን ሳይዘጋ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ወይ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ወይ ቱቦው ወይም ማጣሪያው እየተደፈነ ነው። አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ ርቆ ከተገኘ ደግሞ መሄድ ያለበት ወደ ስዊቹና ወደ ሽቦ ማያያዣው ነው።