የአንድ ትምህርት ቤት ቤዝቦል ቡድን ስመ ጥር ተመራቂዎችና አሠልጣኞች ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል?

እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲዘጋጅ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዓመተ ምሕረት ነው። ተጫዋቹም እውነት፣ ዋንጫውም እውነት፣ አሠልጣኙም እውነት ይሆኑና ሦስቱ በአንድ ሜዳ አብረው ያልቆሙበት ታሪክ ይጻፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከተጫወተበት የውድድር ዘመን ጋር ማሰር የሥራው ዋና ክፍል ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን ሃርቫርድ-ዌስትሌክ ትምህርት ቤት ነው፤ ወጥመዶቹ ሁሉ እዚያ ስለሚገኙ ለመማሪያ የተመቸ ነው። በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከትምህርት ቤቱ ስም ይጀምሩ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማሳቹሴትስ ካለው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ተቋም አይደለም። አንባቢ ይህን እንዳያምታታ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ግልጽ ያድርጉት። የዛሬውን ስም ያገኘው የወንዶቹ ሃርቫርድ ትምህርት ቤትና የሴቶቹ ዌስትሌክ ትምህርት ቤት በ1991 ሲዋሐዱ ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ተጫዋች ካለ የተማረበትን ትምህርት ቤት በዘመኑ ስሙ ይጻፉትና ዛሬ የየትኛው አካል እንደሆነ በአጭሩ ያክሉ።

ቀጥሎ ሠንጠረዥ ይክፈቱ። ስምንት ዓምዶች ይበቃሉ፦ ሙሉ ስም፣ በትምህርት ቤቱ የተማረበት ዘመን፣ በዋናው ቡድን የተጫወተባቸው የውድድር ዘመናት፣ የምረቃ ዓመት፣ የድራፍት (ፕሮፌሽናል ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ዓመትና ተራ ቁጥር ከመረጠው ክለብ ጋር፣ ኮሌጅ ገብቶ ከሆነ የኮሌጁ ስም፣ በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገበት ዓመትና ክለብ፣ በመጨረሻም መረጃው የተገኘበት ቦታ። የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ቤዝቦል የሚጫወቱት በጸደይ ወራት ስለሆነ የ2012 ተመራቂ የመጨረሻ የውድድር ዘመኑም 2012 ነው። የትምህርት ዓመቱ ግን የጀመረው በ2011 መጸው ነው። «2011-12» የሚል መረጃ ሲያገኙ ሁልጊዜ የኋለኛውን ዓመት ይውሰዱ።

አሁን ስሞቹን እናስገባ። ሉካስ ጂዮሊቶና ማክስ ፍሪድ የ2012 ተመራቂዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ድራፍት ፍሪድን ሳን ዲዬጎ በ7ኛ ተራ፣ ጂዮሊቶን ዋሽንግተን በ16ኛ ተራ ወሰዷቸው። ጃክ ፍላሄርቲ በ2014 በ34ኛ ተራ ለሴንት ሉዊስ፣ ፒት ክሮ-አርምስትሮንግ በ2020 በ19ኛ ተራ ለኒው ዮርክ ሜትስ ተመረጡ። ጂዮሊቶ፣ ፍሪድና ፍላሄርቲ ሦስቱም ፒቸሮች፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው። በ2012 በአንድ የትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ በ2021 የሜጀር ሊግ የመክፈቻ ቀን ደግሞ እያንዳንዳቸው የየክለባቸውን ጨዋታ በመጀመሪያ ወርዋሪነት ጀመሩ። ለአንድ ትምህርት ቤት ይህ እጅግ የሚደንቅ ነገር ነው። ስሕተቱም የሚሰፋው ከዚሁ አድናቆት ነው።

ትምህርት ቤቱ የደቡብ ካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩበትን ክፍል የአንደኛ ዲቪዚዮን ዋንጫ ያነሣው በ2013 ነው። «ሦስቱ ከዋክብት ያመጡት ዋንጫ» ብሎ መጻፍ ያጓጓል፤ ግን ፍሪድና ጂዮሊቶ በዚያን ጊዜ ተመርቀው ሄደዋል፤ ከሦስቱ የቀረው ፍላሄርቲ ብቻ ነበር። ሠንጠረዡ ውስጥ የውድድር ዘመን ዓምድ ካለ ይህን በአንድ እይታ ያገኙታል። የምረቃ ዓመት ብቻ ይዘው ከሠሩ ግን ያልፍዎታል።

ፍሪድ ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀድሞ የሚማርበት ሞንትክሌር ፕረፕ የስፖርት ፕሮግራሙን ስላቆመ ወደ ሃርቫርድ-ዌስትሌክ የተዛወረው ለመጨረሻው ዓመት ብቻ ነው። ይካተት ወይስ አይካተት? ከዚያ ስለተመረቀና ስለተጫወተ ይካተታል፤ ነገር ግን «2012 ብቻ» የሚለው ማስታወሻ ከስሙ አይለይ፣ የቀድሞው ትምህርት ቤትም ይጠቀስ። አንድ ተጫዋች በሁለት ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ነውር የለውም። ነውሩ አንደኛው ሌላውን ሲደብቅ ነው።

ጂዮሊቶ ደግሞ በመጨረሻ ዓመቱ፣ በማርች 2012፣ ክርኑ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከውርወራ ቆመ። ከዚያ በፊት የድራፍቱ አንደኛ ሊሆን ይችላል ይባል የነበረው ልጅ በ16ኛ ተራ የተመረጠበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ በ2012 የነበረውን ድርሻ ሲጽፉ አያግንኑት።

በድራፍት ላይ «ዙር» ከሚለው ቃል ይልቅ አጠቃላይ ተራ ቁጥሩን ይጻፉ። የፍላሄርቲ 34ኛነት ውሉን ጨርሶ ወደ ሌላ ክለብ ለሄደ ተጫዋች ለክለቡ በማካካሻ ከተሰጠ ምርጫ የመጣ ነው። አንዱ ምንጭ አንደኛ ዙር ሲለው ሌላው የተለየ ስም ይሰጠዋል፤ 34 የሚለው ግን አይለወጥም። የድራፍት መዝገብ ሌላም ጉድለት አለው፤ የሚይዘው ተጫዋቹ ሲመረጥ የነበረበትን ትምህርት ቤት ነው። ጆሽ ሳቲን የሃርቫርድ-ዌስትሌክ ተመራቂ ቢሆንም ሜትስ በ2008 የመረጡት ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ብቻ ድራፍቱን የፈለገ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ፍለጋው ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንድ ጊዜ በድራፍት መዝገብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በተጫዋቾች የሕይወት ታሪክ ገጽ ላይ ባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መስመር።

ማን «ስመ ጥር» ይባል? ቢያንስ አንድ የሜጀር ሊግ ጨዋታ ያደረገ የሚለው መስፈርት ክርክር ይቀንሳል። በ2024 ዲትሮይት በ11ኛ ተራ እንደመረጠው ብራይስ ሬይነር ያሉት ለየብቻ «በድራፍት የተመረጡ» በሚል ርዕስ ሥር ይቀመጡና ሲጫወቱ ይዛወሩ። በሕዝብ መዝገብ የማይታወቁ የቀድሞ ተጫዋቾችን ስም አያስገቡ።

የአሠልጣኞች ክፍል ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋና አሠልጣኝና የፒቸሮች አሠልጣኝ አንድ አይደሉም። ኢታን ካትዝ ሃርቫርድ-ዌስትሌክ የነበረው የፒቸሮች አሠልጣኝ ሆኖ ነው፤ ሦስቱም ወርዋሪዎች በእጁ አልፈዋል። በኋላ በ2020 የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ረዳት፣ በ2021 ደግሞ የቺካጎ ዋይት ሶክስ የፒቸሮች አሠልጣኝ ሆነ። ዛሬ ስሙ ስለገነነ ብቻ «ዋና አሠልጣኝ» ብለው አይሹሙት። የአሠልጣኙን ዓመታትና የተጫዋቹን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጠው የተደራረቡባቸውን ብቻ «አሠልጥኖታል» ይበሉ።

ከትምህርት ቤት በኋላ የቀጠለ ግንኙነት ካለ ለብቻው መጻፍ አለበት። ጂዮሊቶ በ2018 በየዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ) በአማካይ 6.13 ነጥብ ያስቆጥሩበት ነበር። ከዚያ በኋላ በዕረፍት ወራት ከካትዝ ጋር ሠርቶ ሲወረውር ክንዱ የሚዞርበትን ስፋት አሳጠረ፤ በ2019 አኃዙ ወደ 3.41 ወረደ፣ ለኮከቦች ጨዋታም ተመረጠ። ይህ የአሠልጣኙ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን በትምህርት ቤቱ ዘመን ውስጥ አይቆጠርም።

በአማርኛ ስንጽፍ የሚጨመር አንድ ከባድ ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። ጂዮሊቶ ድራፍት የተደረገው ጁን 4 ቀን 2012፣ በእኛ ግንቦት 27 ቀን 2004 ነው። ፒትስበርግን ያለ አንድ ሂት (ተቃራኒው ኳሱን መትቶ ቤዝ ሳይደርስ) ያሸነፈበት ጨዋታ ደግሞ ኦገስት 25 ቀን 2020፣ ማለትም ነሐሴ 19 ቀን 2012 ነው። ሁለቱንም «በ2012» ብሎ የጻፈ ሰው ስምንት ዓመት አጠፋ። የትምህርት ቤት ጨዋታና ድራፍት ሁልጊዜ ከመስከረም በፊት ስለሚውሉ 8 ይቀነሳል። የተጫዋች ልውውጥ ግን ብዙ ጊዜ በክረምታቸው ነው፤ ፍሪድ በዲሴምበር 2014 ወደ አትላንታ ሲዛወር በእኛ 2007 ነበር፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7 ይቀነሳል። አንዱን አቆጣጠር መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙ።

ስሞችን በፊደላችን ሲጽፉም አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፤ አንድ ቦታ ጂዮሊቶ ሌላ ቦታ ጊዮሊቶ ከሆነ ፈላጊ አያገኘውም። የአማርኛ አንባቢ በራስ ስም መፈለግ ስለለመደ ዝርዝሩን በመጀመሪያ ስም ይደርድሩት፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ምንጮቹ እንደሚያደርጉት በቤተሰብ ስም ይጥሯቸው። ክሮ-አርምስትሮንግ አንድ የቤተሰብ ስም ነው፤ አይቆረጥም።

ዝርዝሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደስ፤ በጁላይ ከድራፍት በኋላ፣ በኖቬምበር ደግሞ የውድድሩ ዘመን ሲያበቃ። የመረጠው ክለብና የተጫወተበት ክለብ እንዳይቀላቀሉ በተለይ ይጠንቀቁ። ክሮ-አርምስትሮንግን ሜትስ መርጠውት በጁላይ 2021 ለቺካጎ ከብስ ሰጡት፤ የመጀመሪያ የሜጀር ሊግ ጨዋታውን ያደረገው በ2023 ለከብስ ነው። ፍሪድም ለሳን ዲዬጎ በሜጀር ሊግ አንድም ቀን አልተጫወተም፤ በ2017 በአትላንታ ጀምሮ በ2021 ከክለቡ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስለ ፍሪድ ሲጽፉ «አሁን የያንኪስ ተጫዋች» ከማለት «ከ2025 ጀምሮ በያንኪስ» ይበሉ፤ ዝርዝሩን ለማደስ ቢዘገዩ እንኳ ዐረፍተ ነገሩ አይሳሳትም።