አሮጌ ፒካፕ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ትርኢት ድረስ እንዴት ይነዳል?

አዲስ አበባ ላይ የድሮ መኪኖች ትርኢት አለ ሲባል፣ ባሕር ዳር አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «በሎቤድ (መኪና በሚጭነው ዝቅ ያለ ተሳቢ) አስጭናት» የሚል ነው። አታስጭኑ። ከጎጃም በራሷ ጎማ የመጣች መኪና ትርኢቱ ላይ ሰው ከቧት ይውላል፤ ተጭና የመጣችውን ግን አይቶ ያልፋል። ደግሞም መኪናችሁን በደንብ የምታውቋት እንዲህ ያለ መንገድ አብራችሁ ስትሄዱ ነው።

የእኔዋ በፈረንጆቹ 1974 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። አራት ማርሽ፣ ካርቡሬተር፣ አራቱም እግር ታምቡር ፍሬን፤ ማለትም ሸራው ከበሮ በሚመስል ብረት (ታምቡር) ውስጥ እየተገፋ የሚይዝ። ዳትሰንም ይሁን ፔጆ 404 ፒካፕ ያላችሁ፣ ነገሩ ብዙም አይለያይም።

ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ነው። ሞተር ቢቆም መንገድ ዳር ትቆማላችሁ፣ በቃ። ፍሬን እምቢ ካለ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከጣና ዳር እስከ መራዊ ስትመላለሱ ብትከርሙ ፍሬናችሁ አንድም ቀን በደንብ አይፈተንም። ከዚያ ደጀን ትደርሱና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ዝግጅቱ ከፍሬን ይጀምራል።

መጀመሪያ፦ ፍሬኑን ክፈቱት

አራቱንም ታምቡር አስፈቱ። የፊቱን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሸራው ቀጭን ከሆነ ይቀየር። እግሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሲሊንደር ላስቲኳን ገልጣችሁ እዩ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ዘይት እያፈሰሰች ነው፤ ዘይት የነካው ሸራ ደግሞ አይዝም።

ቀጥሎ ማንም የማያየው ነገር አለ፤ ወደ ጎማው የሚሄደው የፍሬን ላስቲክ ቱቦ። የእኔዋ ዳንግላ አካባቢ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። ወርጄ የግራውን የፊት ጎማ ስነካው ቸርኬው (የጎማው ብረት) እጅ አያስቀርብም፣ የቀኙ ቀዝቃዛ ነው። ሸራው ተላላ፣ ሲሊንደሩ ታየ፣ ሁሉም ደህና። በመጨረሻ ቱቦው ተፈታ። ከውጭ ሲያዩት ስንጥቅ የለው፣ ጥቁርና ልስልስ ያለ። በምላጭ ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ አብጦ ቀዳዳው መርፌ የማያሳልፍ ሆኗል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ በግድ ይገባል፣ ሲለቀቅ ግን መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ይህ ነገር አባይ በረሃ ላይ ቢሆን ኖሮ መዘዙ ብዙ ነበር። የቱቦው ዕድሜ ካልታወቀ ሳትከራከሩ ቀይሩት።

የፍሬን ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ይፍሰስና አዲስ ይሞላ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከሆነ 230 እና 155 ነው። እኔ ለዚህ መንገድ ዶት 4 ነው የምሞላው። ሞልታችሁ አየሩን ከፔዳሉ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ አስወጡ።

ከዚያ ቤዛዊት ውጡ። ባሕር ዳር አጠገብ ለፈተና የሚሆን ቁልቁለት ያለው እዚያ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ውረዱና ታች ስትደርሱ የአራቱንም ጎማ ቸርኬ በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ አነጻጽሩ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ወደ ጋራዥ ተመለሱ።

ውሃውና ክዳኑ

ውሃ ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። 2,400 ሜትር አካባቢ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስም እንጅባራም በዚያ ከፍታ ገደማ ናቸው። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ልክ ከፍ ያደርጋል። የግፊት ልኩ 0.9 የሚል የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን 20 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ሰው ለራዲያተር እጥበት ብዙ ብር ያወጣና ክዳኑን ይረሳዋል።

ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን) አውጥቶ መጣል እዚህ አገር ልማድ ሆኗል። አልስማማም። ሞተሩ በእንጅባራ ብርድ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል። ይልቅ አውጥታችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ክተቱና ጣዱት። ውሃው ከመፍላቱ በፊት ከተከፈተ ደህና ነው፣ መልሳችሁ ግጠሙት።

የሚያዝ ነገር

ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ የራዲያተር ማኒኮት (የውሃ ቱቦ)፣ የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ 20 ሊትር ውሃ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክና ከክሪኩ ሥር የሚገባ ወፍራም ጣውላ። ጎማ ሥር የሚደገፍ ሁለት የእንጨት ታኮ አሠርታችሁ ያዙ። በቺንጊያ ፈንታ የሴት ስቶኪንግ ማሰር ይቻላል የሚሉትን አትመኑ፣ ሩቅ አያደርስም። የሚያንጠባጥብ የቤንዚን ታንከርን በደረቅ ሳሙና መድፈን ግን ይሠራል፤ ለጊዜው። ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መቼም ይታወቃል።

የመጀመሪያው ቀን

በሞጣ በኩል ያለው መንገድ ያጥራል። እኔ ግን በደብረ ማርቆስ የሚያልፈውን እመርጣለሁ። እስከ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም እያለ ከተማ ስለሚከታተል መካኒክም ጎሚስታም አይጠፋም። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። የዛሬውን ጠይቁ፣ የትናንቱ አይሠራም። ሰላም አይደለም ካሏችሁ አትሂዱ፤ ትርኢት ሌላም ይመጣል።

ጎህ ሲቀድ ውጡ። ከ60 እስከ 70 ይበቃል። ቤንዚን ባገኛችሁበት ሙሉ፣ «የሚቀጥለው ከተማ እሞላለሁ» አትበሉ። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ በሰው፣ በአህያና በጋሪ ይሞላል፣ ታገሡ። ማታ መንዳት የለም። ደብረ ማርቆስ እደሩ፤ ምክንያቱም ደጀን በጠዋት፣ በረሃው ሳይግል መድረስ አለባችሁ። ሲነጋ የፍሬን ዘይቱን ልክ እዩ፣ አዲስ ሸራ ካስገባችሁ ደግሞ አስጠብቁት፤ መጀመሪያው ቀን ላይ ተስተካክሎ ስለሚቀመጥ ይላላል።

አባይ በረሃ

ደጀንን አልፋችሁ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቁሙ። ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ አትውረዱ፣ ደጀን ተመልሳችሁ አሠሩ።

ማርሹን ሜዳው ላይ እያላችሁ አስገቡ። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ የድሮ ሹፌሮች፤ እውነታቸውን ነው። ለአሮጌ ፒካፕ ሁለተኛ ነው፤ ጭነት ካለ አንደኛም ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ማርሽ ለማክበድ (ወደ ዝቅተኛው ለመመለስ) ስትሞክሩ ካልገባላችሁ መኪናዋ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይይዛት፣ መንደርደር ትጀምራለች፤ ብዙ አደጋ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ወይም በፎሌ መውረድ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም።

እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉት። ቀለል አድርጎ ይዞ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ፍሬኑን የሚገድለው እሱ ነው፤ ሸራውና ታምቡሩ አንዴም ሳይላቀቁ ይግላሉ። ሞተሩ ይያዛት። ፍጥነቷ ወደ 40 ሲጠጋ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ 25 አድርሷትና ጨርሳችሁ ልቀቁ። እንደገና ስትፈጥን እንዲሁ። በመሃል ፍሬኑ ይተነፍሳል።

ሲግል የሚሆነው ሦስት ነገር ነው። ሸራው የመያዝ አቅሙን ያጣል። ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ስለሚርቅ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል። ከባሰ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፣ ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የቃጠሎ ሽታ፣ ቀጥሎ የፔዳሉ መውረድ። የመጀመሪያው ሽታ ሲመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ታኮ አድርጉ እንጂ በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ውሃ አታፍሱበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። በታኮ ፈንታ ድንጋይ ከተጠቀማችሁ ስትሄዱ አንሱት፤ አስፋልት መሃል የተተወ ድንጋይ ማታ የሚመጣውን ሰው ይገድላል።

ፔዳሉ ጭራሽ ከጠፋ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ማርሹን አክብዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ፣ መኪናዋንም ገደል በሌለበት በተራራው በኩል አስጠጓት።

መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተጨማድዷል፣ አልፎ አልፎም ሰምጧል። ከኋላ ክላክስ የሚያደርግባችሁን አሳልፉት። ተሳቢ መኪኖች ኩርባ ላይ የእናንተን መስመር ይዘው ይመጣሉ። መንገድ ዳር ዝንጀሮ ለመመገብ ድንገት የሚቆምም አለ።

የህዳሴ ድልድይን ተሻግራችሁ ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት የሙቀት መለኪያውን እዩ። ወደ ጎሐ ጽዮን በሁለተኛ፣ ሞተሩን ሳታስጨንቁ ውጡ። ቀስቱ ከፍ ካለ የጋቢናውን ማሞቂያ ክፈቱ፤ እናንተን ያሰቃያችኋል፣ ሞተሩን ግን ያስተነፍሰዋል። ቤንዚን ያለቀ ይመስል እየተንተፋተፈ ከጠፋ ነዳጁ በመስመሩ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ጨርቅ የቤንዚን ፖምፓው ላይ ጣል አድርጋችሁ ጠብቁ። ራዲያተሩ ከፈላ ክዳኑን እስኪቀዘቅዝ አትንኩት።

ከዚያ በኋላ እስከ ሱሉልታ መንገዱ ቀላል ነው። ወደ አዲሱ ገበያ የሚያወርደው ግን በትራፊክ የተሞላ ቁልቁለት ነው፤ እዚያም ሁለተኛ።

ትርኢቱ ላይ

ከትርኢቱ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና እጠቧት። ጎማና ሞተር በናፍጣ ማበስ ያብለጨልጫል፤ ላስቲክ ይጎዳል፣ አቧራም ይሰበስባል፣ ተዉት። ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ከባሕር ዳር በራሷ እንደመጣች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉት።

ከመመለሳችሁ በፊት መርካቶ ሶማሌ ተራ ጊዜ ስጡ። ሌላ ቦታ የማይገኘው የፍሬን ቱቦና የሲሊንደር ላስቲክ ከተገኘ የሚገኘው እዚያ ነው። የድሮውን ዕቃ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ብቻ ከጠየቃችሁ የሌላ ሞዴል ይሰጧችኋል። የፊቱን ታምቡር ከፍታችሁ ሸራውን እዩ፣ አስጠብቁ፤ ስትመለሱ ቁልቁለቱ ከጎሐ ጽዮን ነው የሚጀምረው።