«ምን ልሣል?» ለምትሉ፦ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ

«ሐሳቡን ከየት ታመጪዋለሽ?» ይሉኛል ሥዕሌን የሚያዩ ሰዎች። ከለገሃር ነዋ! ቀልዴን አይደለም። ከሥራ ስወጣ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ እሄዳለሁ። ለቸኮለ ሰው አጭር መንገድ ነው። እኔ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት እፈጅበታለሁ።

ኪስ የሚገባ ደብተርና አንድ ቢክ እስክርቢቶ ይበቃችኋል። እርሳስ አልመክርም፤ ላጲስ ያስመኛል። ትልቅ ደብተር ደግሞ መንገደኛ ይሰበስባል፣ ጥበቃም ይጠራል። (ጥበቃ ካናገራችሁ ሳትከራከሩ ደብተሩን አሳዩት። አንዱ አስቁሞኝ ገጹን ሲያገላብጥ ቆየና «እስቲ እኔን ሳዪኝ» ብሎኛል።)

የት ልቀመጥ? ብዙ ሰው ካፌ ይመርጣል። እኔ የሊስትሮ ወንበር ይሻለኛል። ጫማችሁ እስኪጠረግ ማንም ተነሱ አይላችሁም። ደግሞ ሰዓት አለው፤ ልጁ ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ቀው ሲያደርግ እግር መቀየር ነው። በግራ እግሬ አንድ ሰው፣ በቀኝ እግሬ ሌላ ሰው እሥላለሁ። ለፊት ጊዜ ስለማይበቃ አቋም ላይ አተኩራለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለው ሰውዬ ክብደቱን የጣለው የትኛው እግሩ ላይ ነው? ፌስታሉን ከቀኝ ወደ ግራ የሚያዛውረው መቼ ነው? ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ እጅና ዕቃ ዓይናችሁ ፊት ነው የሚያልፈው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። መጀመሪያ ቀን ተደብቄ ሣልኳት። አየችኝ።

«አንቺ! እኔን ነው?» አለችና ደብተሩን ከእጄ ወሰደችው። ትቀደዋለች ብዬ ደነገጥኩ። ትክ ብላ አየችውና ሳቀች።

«እንዲህ ተቀድቶማ አተላው ሁሉ ሲኒው ውስጥ ይገባል!»

እኔ ጀበናውን በሁለት ሲኒዎች መካከል ቀና አድርጌ ነበር የሣልኩት። እሷ ግን ጀበናው ማቶቱ ላይ እስኪሰክን ትጠብቃለች፤ አንዴ ካዘነበለችው በኋላ ሲኒዎቹ እስኪያልቁ ቀና አታደርገውም። ቀና ካለ አተላው ይናወጣል። ስንት ዓመት ቡና ስጠጣ ይህን አላየሁም ነበር! ያን ቀን አሥር ጊዜ የእጇን አንጓ ብቻ ሣልኩ። ከእነዚያ አንዱ አሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ።

ስለዚህ የሣላችሁትን ለተሣለው ሰው አሳዩት። «አምሯል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። በይሉኝታ «በጣም!» ይላችኋል፤ በዚያው አለቀ። «ምኑ ተሳስቷል?» በሉ። ሊስትሮው ስለ ብሩሹ፣ ጋራዥ የሚሠራው ስለ መፍቻው አያያዝ ዝም አይልም። የሚቀጥለው ሥዕላችሁ እዚያ እርማት ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ። እምቢ ካሉኝ ረከቦቱን እሥላለሁ። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት አይሆንም፤ ሰው ካሜራ ሲያይ ጀርባውን ያቃናል፣ የምትፈልጉት ነገር ይጠፋል።

ሰው ማናገር ለሚያፍር፣ ሁለት አንበሶች አሉ፤ አይናገሩም። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው ለ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተሠራ ነው። ጣሊያኖች ሮም ወስደውት ነበር፤ በኋላ ተመለሰ። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለዘውዱ 25ኛ ዓመት፣ በ1948 ዓ.ም. ሠራው። የመጀመሪያው የእውነት አንበሳ ይመስላል፤ የሁለተኛው ጎፈር ግን የተጠረበ ጥግ ብቻ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ሣሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያገኛችሁትን ሰው ሁለት ጊዜ ሣሉ፤ አንዴ በለሰለሰ መስመር፣ አንዴ በቀጥታ መስመር ብቻ። እኔ አንድ ሱቅ በደረቴ ልጅ በቀጥታ መስመር ስሥለው ነው ማሰሪያው ትከሻውን ምን ያህል እንደሚጎትተው ያየሁት።

ዝናብ ከመጣ በረንዳ ሥር ግቡ። እዚያ የሚገፋፋውን ሕዝብ ሣሉ፣ ደብተሩን ግን በፌስታል።

ባለፈው ሳምንት ለቡና ሻጯ አዲሱን ሥዕል አሳየኋት። ራቅ አድርጋ ያዘችው፣ ቀረብ አደረገችው።

«ጀበናው ልክ ነው» አለች። «እጄን ግን ለምን አወፈርሽው?»