በሲክል ሴል የዘረመል ጥናት የሕመም ምልክቶችን በወጥነት እንዴት መበየን ይቻላል

ሲክል ሴል በአንዲት የዲኤንኤ ፊደል መለወጥ የሚመጣ በሽታ ነው። በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘው የቤታ ግሎቢን ጂን ውስጥ አንዷ ፊደል ስትቀየር በፕሮቲኑ ላይ የግሉታሚክ አሲድን ቦታ ቫሊን ይይዛል፤ ኦክስጅን ሲያንስም ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቀዩን የደም ሕዋስ ማጭድ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ለውጥ ከእናትም ከአባትም ከወረሱ ሁለት ሰዎች አንዱን ገና በልጅነቱ ስትሮክ ሲመታው፣ ሌላው ከባድ ችግር ሳይገጥመው ለጉልምስና ሊበቃ ይችላል። የዚህን ልዩነት ምክንያት በሌሎች ጂኖች ውስጥ የሚፈልግ ተመራማሪ ጂኑን በመሣሪያ እስከ ፊደሉ ድረስ ያነባል፤ የሕመሙን ዓምድ የሚሞላው ግን የተለያዩ ሐኪሞች በየልማዳቸው ከጻፉት የሕክምና ካርድ ነው።

ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። አንድ የጂን ዓይነት ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች በ30 በመቶው፣ ካልመታቸው ደግሞ በ20 በመቶው ላይ ይገኛል እንበል። ስትሮክ አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡት 100 ሰዎች 40ዎቹ በስሕተት የገቡ ከሆነ የ30 በመቶው ቁጥር ወደ 26 ይወርዳል። የ10 ነጥብ ልዩነት 6 ብቻ ይሆናል፤ ያንን ለመለየት የሚያስፈልገው የተሳታፊ ብዛትም ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የበሽታውን ዓይነት ለይተው ይመዝግቡ። ስማቸውን ከሁለቱ ወላጆች ከተወረሱት የቤታ ግሎቢን ጂን ዓይነቶች ያገኙት ኤስኤስ፣ ኤስሲ፣ ኤስ ቤታ ዜሮ እና ኤስ ቤታ ፕላስ ታላሴሚያ ሁሉም ሲክል ሴል ይባላሉ፤ አካሄዳቸው ግን አንድ አይደለም። ለምሳሌ በኤስሲ የዓይን ሬቲና ጉዳት ከኤስኤስ ይልቅ ይበዛል። በቅርቡ ደም የወሰደ ሰው ከለጋሹ ያገኘው ሄሞግሎቢን ኤ (ጤናማው የአዋቂ ሄሞግሎቢን) ስለሚታይበት ኤስኤስ ሆኖ ሳለ ኤስ ቤታ ፕላስ ሊመስል እንደሚችልም አይዘንጉ።

ቀጥሎ የጂን ውጤቱን ከማየትዎ በፊት የእያንዳንዱን ምልክት ብያኔ በጽሑፍ ያስቀምጡ። ጥሩ ብያኔ ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ ወሰኑ ስንት እንደሆነ፣ ጊዜው እንዴት እንደሚቆጠር እና ምን ምን እንደማይካተት ይናገራል። አንድ ካርድ እንይ፦ «የደረት ሕመም፣ ሳል፣ ትኩሳት 38.7፤ የሳንባ ምች ተብሎ ታክሟል።» ይህ አጣዳፊ የደረት ሲንድረም ነው ወይስ አይደለም? በተለመደው ብያኔ መሠረት በደረት ራጅ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሳንባ ክፍል የያዘ ጥላ መታየት አለበት፤ ከዚያም 38.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ሊጨመርበት ይገባል። ራጁ ተነሥቶ ጥላው ከታየ፣ ሐኪሙ «ሳንባ ምች» ቢልም መዝጋቢው አጣዳፊ የደረት ሲንድረም ብሎ ይመዘግባል፤ ምክንያቱም በዚህ በሽታ ሁለቱን በአልጋ አጠገብ መለየት አዳጋች ነው። ራጅ ካልተነሣ ግን መልሱ «አዎ»ም «የለም»ም ሳይሆን «ሊወሰን አልቻለም» ነው። ይህች ሦስተኛ ሣጥን በቅጹ ላይ ካልተሰጠች መዝጋቢው «የለም» የሚለውን ምልክት ያደርግና ያልተመረመረው ሰው ጤነኛ ሆኖ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው የሕመም ስሜት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመና በአሜሪካ ቨርጂኒያ 232 አዋቂዎች በየዕለቱ ማስታወሻ በያዙበት ጥናት፣ ሕመም ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ተመዝግቧል፤ ሕክምና የተፈለገባቸው ቀናት ግን 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የሆስፒታል ምልልስን ብቻ የሚቆጥር ጥናት የሚለካው የሕመሙን መጠን ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ተቋሙን ርቀትና የታካሚውን ትዕግሥትም አብሮ ይለካል። በእኔ አመለካከት ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ትልቁ ስሕተት ነው። አንደኛው «ወደ ሕክምና ያስመጣ ሕመም»፣ ሌላው «በቤት የታየ ሕመም» ተብለው በተለያዩ ዓምዶች ይግቡ። ለመጀመሪያው የቆይታ ወሰን፣ ለምሳሌ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ፣ ይቀመጥለት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተደጋገመ መምጣት እንደ አንድ ክስተት ይቆጠር እንደሆነም ይጻፍ። ቁጥሩ ሰውየው ክትትል በተደረገበት ዓመት ብዛት መካፈል አለበት።

በመሣሪያ የሚለኩት ቀለል ይላሉ፤ ሆኖም መሣሪያው ራሱ የብያኔው አካል ነው። ድምፅ አልባ የአንጎል ጉዳት ቢያንስ 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ በኤምአርአይ በሁለት አቅጣጫ የሚታይ እና የነርቭ ምልክት የሌለው ተብሎ ይበየናል። በልጆች የአንጎል ደም ሥር የዶፕለር ምርመራ በሰከንድ 200 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ፍጥነት ለስትሮክ ከፍተኛ ስጋት ያመለክታል። የሳንባ የደም ግፊት ግን በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የሚጠረጠርና በቀኝ ልብ ካቴተር የሚረጋገጥ በመሆኑ፣ በኢኮ ብቻ የተገኘውን ከተረጋገጠው ጋር መደባለቅ አይገባም።

ዕድሜና ሕክምናም ይመዝገቡ። የአምስት ዓመት ልጅ የዳሌ አጥንት መሞት የለበትም ማለት ወደፊት አይደርስበትም ማለት ስላልሆነ፣ ከ40 ዓመት ሰው ጋር እኩል «ነጻ» ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። የበሽታውን ሕመም የሚቀንሰውን ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ወይም በየጊዜው ደም የሚሰጠው ሰውም ምልክቱ የተሸፈነበት ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን ከምልክቱ ቀን ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ብያኔው ሲያልቅ ይፈትኑት። ሁለት መዝጋቢዎች የጂን ውጤቱን ሳያውቁ፣ እርስ በርስም ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ 50 ካርዶችን ይመድቡ፤ ስምምነታቸውም በካፓ ስሌት ይለካ፤ ምክንያቱም ተራ መቶኛ በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት አይቀንስም። ባልተስማሙበት ካርድ ላይ ማን ልክ ነው ብሎ ድምፅ ከመቁጠር ይልቅ የትኛው የብያኔው ቃል እንዳለያያቸው መፈለግ ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ «አዲስ» ወይም «ከባድ» የሚል ወሰን ያልተበጀለት ቃል ሆኖ ይገኛል። ከሌሎች ማዕከላት ጋር መረጃ የሚቀላቀል ከሆነ ለእያንዳንዱ ምልክት ከሂዩማን ፌኖታይፕ ኦንቶሎጂ ወይም ከሲክል ሴል ዲዚዝ ኦንቶሎጂ፣ ማለትም ለየምልክቱ ወጥ ስምና ኮድ ከሚሰጡ መዝገበ ቃላት፣ መለያ ይሰጠው። ብያኔው በተሻሻለ ቁጥር የሥሪት ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፤ ቀድሞ የተመደቡት ካርዶችም በአዲሱ እንደገና ይመደቡ።