ያረጀ ሃርድቶፕ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ለያዛችሁ ነው ይሄ፣ በተለይ ዋን ኤች ዜድ የሚባለውን 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ለጫነው፣ ግን ሌላ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (ፎር ዊል) የያዘም ሰው አብዛኛው ይጠቅመዋል። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ተንከባክቦ መያዝ የግድ ሆኗል። እኔን ሁሌ የሚያንገበግበኝ ሰው በትንሽ ብር የሚያልቅ ችግር ይዞ ገብቶ ሞተር አስወርዶ ሲወጣ ነው።

ዳገት ላይ ይሞቃል

ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ከለገሃር ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ማዘጋጃ ስትወጡ፣ በተለይ መንገዱ ከተዘጋጋ፣ የሙቀት ጌጁ ከመሀል ይነሳና ወደ ቀዩ መሄድ ይጀምራል፣ ስትቆሙ ደግሞ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት። እኔ ላይ ሲደርስ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ገና ሳይነኩት "ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ይከፈት" አሉኝ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው)፣ ልቤ ቀጥ ነው ያለው። ከዛ ሰባራ ባቡር አካባቢ የሚሰሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። "ልጄ ቴስታታውን ተወውና መጀመሪያ ክዳኑን ንቀልልኝ" አሉ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩላቸው፣ ገልብጠው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉት ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፣ ስፕሪንጉም ሲጫኑት ያለ ምንም ጉልበት ይገባል። ክዳን ቀየርኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ በዛው ቀን ሽሮ ሜዳን አልፌ እንጦጦ ወጣሁ፣ ጌጁ ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ ሲጨነቅ እዛው አካባቢ ነው የሚደርሰው። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ የውሃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ የደከመ ክዳን ግን ይሄን ሁሉ ይወስድባችኋል። ቆላ ላይ በደከመ ክዳን ትንሽ ሊነዳ ይችል ይሆናል፣ እኛ ጋ ግን አያስኬድም። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አስተያዩ፣ 0.9 ካለ 0.9 ነው የምትገዙት፣ "ይሄም ይገጥማል" ቢሏችሁ እንዳትቀበሉ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ራዲያተሩን እዩ፣ ክንፎቹ መሀል አቧራና ጭቃ ይደፈናል፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ ቀስ ባለ ውሃ እጠቡት። ቀጥሎ ፋኑ፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ አጥፉትና በእጅ አዙሩት፣ ምንም ሳይይዝ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ የፋን ክላቹ (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው) ዘይቱን ጨርሷል። "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" የሚል ምክር ደግሞ በጣም የተለመደ ነው (ቴርሞስታት ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍትለት ነው)፣ እባካችሁ አትስሙት፣ ብዙ ቶዮታ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ እሱ ነው፣ ከወጣ ውሃው ራዲያተር ሳይገባ ይዞርና ጭራሽ ይብሳል። ቴስታታ ወይም ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ነው የሚባለው ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱት አረፋው አላቋርጥ ካለ፣ ወይም የላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ነው። ይሄን ሳታዩ ማንም እንዳይከፍትባችሁ።

ጠዋት አይነሳም

ህዳርና ታህሳስ የዚህ ችግር ወር ነው። ሞተሪኖው (ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን የሚያስነሳው) ደህና እያዞረ ነጭ ጭስ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ካንዴሌታ (ለማስነሳት ሞተሩን ከውስጥ የሚያግለው) ነው፣ ስድስት ናቸው፣ የሚያገናኛቸውን ብረት ፍቱና ከባትሪ ፖዘቲቭ በቴስት አምፖል አንድ በአንድ ንኳቸው፣ አምፖሉ ካልበራ ያቺ ሞታለች። ሁለት ከሞቱ በአዲስ አበባ ብርድ በደንብ ያስታውቃል።

ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን፣ በተለይ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጋችሁ ያሳደራችሁት ቀን፣ ነዳጁ ውስጥ አየር እየገባ ነው። የናፍታ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጠዋት ተጫኗት፣ ልል ሆና ብዙ ከገፋችሁ በኋላ ከጠነከረች ሌሊቱን ናፍታው ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። ከፊልትሮ በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቁራጭ ነጭ ቱቦ አስገብታችሁ አስነሱት፣ አረፋዎቹ ተራ በተራ ሲያልፉ በአይናችሁ ታያላችሁ። የቱቦ ጫፍ መሰንጠቅ ነው አብዛኛው ጊዜ፣ አንዳንዴ ፖምፓዋ ራሷ። ከጀሪካን የቀዳችሁ ከሆነ ደግሞ ውሃም ይኖራል፣ ከፊልትሮው ስር ያለችውን ፍቱና ንጹህ ናፍታ እስኪመጣ አፍስሱ።

ጠቅ ብሎ ዝም

ቁልፍ ስታዞሩ አንዴ ጠቅ ይላል፣ ሌላ ነገር የለም፣ አምስተኛው ላይ ይነሳል። ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካለና ተርሚናሉ ንጹህ ከሆነ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ሁለት መዳቦች ተበልተዋል። ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ ይሏችኋል፣ አይደለም፣ መዳቦቹን ብቻ አስቀይሩ። ራሳችሁ ከነካችሁት መጀመሪያ ባትሪ ፍቱ፣ ያ ወፍራም ገመድ ሁሌም ኤሌትሪክ አለበት።

ጥቁር ጭስ

እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ቢያጨስ አይገርምም። ከበዛ የአየር ፊልትሮ ቀይሩ፣ ቀጥሎ ኖዝሎቹን (ናፍታ የሚረጩትን) አስፈትሹ። ጉልበት ይጨምራል ብለው የናፍታ ፖምፓውን ብሎን እንዲያጠብቁ አትፍቀዱ፣ ጭስና ሙቀት ብቻ ነው የሚጨምረው።

መሪ ይንቀጠቀጣል

ጉድጓድ ወይም ኮብልስቶን ከነካ በኋላ መሪው ከእጃችሁ ሊወጣ ይደርሳል። ብዙ ሰው መሪ አሞርዛቶር (የመሪውን ንዝረት የሚያለዝበውን) ይቀይራል፣ እሱ ችግሩን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ጎማውን ባላንስ አስደርጉና ካልለቀቀ በክሪክ አንሱትና መደገፊያ አድርጉለት፣ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፣ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ) ነው። ላይና ታች ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ ሲረግጥ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ)፣ ካልጠፋ የመዞሪያው ኩሽኔታ። እግረ መንገዳችሁን ከጎማው ጀርባ ያለችውን ክብ ኳስ በጣታችሁ ጥረጉ፣ ቀጭን ጥቁር ዘይት ከወረደ የዲፈረንሻል ዘይት በጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ጎማ) አልፎ ግራሱን እያጠበው ነው፣ በጊዜ ካልተቀየረ ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ይበላል።

ፎር ዊል አይይዝም

ሊቨሩ ይገባል፣ የፊት ጎማ አይጎትትም። ጎማው መሀል ላይ ያለችው የእጅ መቆለፊያ ዓመት ሙሉ ሳትዞር ደርቃለች። ከፍታችሁ አጽዱ፣ ስስ ግራስ ቀቡ፣ ከዛ በወር አንዴ ቆልፋችሁ አፈር መንገድ ላይ ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ንዱ። አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብታችሁ አትጠምዝዙ፣ ማርሽ ይሰብራል።

ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይረዝማል

ይሄን ሁሉም ሰው በቁም ነገር እንዲወስደው እለምናለሁ። ከእንጦጦ ስትወርዱ ፔዳሉ እየረዘመ ከመጣ የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ ውሃ ጠጥቷል፣ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እግራችሁ ስር እንፋሎት ብቻ ይቀራል። ወዲያው ማርሽ ቀንሱና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ እስኪበርድ አትንቀሳቀሱ። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ መጨመር ብቻ አይበቃም፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ከላይ ጀምራችሁ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ።